የማን ስም?

የጃፓን ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 750፣ ተጋቢዎች የባልን ወይም የሚስትን የቤተሰብ ስም ለጋራ ይያዙ ይላል። በወረቀት ደረጃ እኩል ናቸው እኮ! ግን ከመቶ ጥንዶች 95 ያህሉ የሚይዙት የባልን ነው። ይህን ምርጫ እንበለው? የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ሕጉን አጽንቶታል። በካናዳዋ ኬቤክ ደግሞ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያገባች ሴት በሕግ ፊት በትውልድ ስሟ ትቀጥላለች፤ የባሏን ብትወድም እንኳ።

እኛማ ይህን ስንሰማ ደረታችንን እንነፋለን። እናቶቻችን ከወይዘሪት ወደ ወይዘሮ ከመሻገር በቀር ስማቸው አልተነካም። እስቲ ታዲያ መታወቂያችንን ከኪሳችን እናውጣው፦ የራሳችን ስም፣ የአባት፣ የአያት። ዘጠኝ ወር የተሸከመችን የት ገባች? አያት ሲባልስ የአባት አባት መሆኑን ማን ጠይቆ ያውቃል?