ስለ ወደቀው ጊታርህ

የእህቴ ልጅ፣ እናትህ ደውላ ነግራኛለች፤ የላክኸውንም ፎቶ አይቼዋለሁ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን። መጀመሪያ ያንን ሱፐር ግሉ አስቀምጠው። የገዛኸውንም ቀለም አትክፈተው። ክሮቹን ግን ይህን አንብበህ ሳትጨርስ፣ አሁኑኑ፣ ስድስቱንም አላላቸው።

ስድስት ክር በልኩ ሲቃኝ አንገቱን የሚስበው ኃይል በድምሩ 40 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው እህል ከጊታሩ ራስ ላይ ቀንና ሌሊት ተንጠልጥሎ እንደሚያድር ቁጠረው። ጤነኛ እንጨት ይችለዋል። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን አንተ ተኝተህ ስንጥቁ ይሰፋል፤ ዛሬ በኮላ የሚድነውን ነገ ለሁለት ተከፍሎ ታገኘዋለህ። አላላው ስልህ ከነጭራሹ ፍታው ማለቴ አይደለም። ክሩ በጣት ሲነካ ድምፅ እስኪያጣ ድረስ ይበቃል።

እህል አልቀምስም ማለትህን ሰምቻለሁ፤ አልፈርድብህም። ጎረቤቱ ሁሉ «ዕቃ እኮ ነው፣ ሰውን አይንካ እንጂ» ሲልህ እንደዋለ አልጠራጠርም። ይህን ማለት የሚቀለው ገንዘቡን ላላወጣ ሰው ነው። እንግዳ ከላሊበላ በራቀባቸው በእነዚህ ዓመታት፣ ከአስጎብኚነት ገቢው ላይ እየቆነጠረ ጊታር የገዛ ልጅ ባያዝን ነበር የሚገርመኝ። እኛ በኪነት ዘመን ደሴ ላይ ስንጫወት ጊታሩ የመንግሥት ነበር። ቢጫር የሚጨነቀው ንብረት ክፍሉ ነው፤ ቅጽ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ነገሩ ያልቃል። የራስ ዕቃ ቅጽ የለውም። ስለዚህ እዘን። በሐዘንህ ላይ ሆነህ ግን ሙጫ አታንሣ።

እንዲህ የማጠብቅብህ ለምን እንደሆነ ከራስህ አገር ማስረጃ ላምጣልህ። እንግዶችህን ይዘህ የምትዞርባቸው አብያተ ክርስቲያናት በዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቀው ዝናብ ሲያስገቡ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የምጠራቸውም ዓመታት እንዲሁ) ውሃ ይከላከላል ተብሎ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ፤ ዓለቱን እንዲመስልም በላዩ ቀይ ቀለም ተደረገ። በቅን ልቡና የተደረገ ነው። ከ1966 ጀምሮ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት፣ ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በሚባለው ድርጅት ድጋፍ ለጥገና ሲመጣ፣ ከትልልቅ ሥራዎቹ መካከል ያንኑ ሬንጅ ከድንጋዩ ላይ መልሶ ማንሣት ይገኝበታል። ዝናቡ የበደለው ሳያንስ የጠጋኙ እጅ ሌላ ሥራ ጨመረ። በ2008 የቆሙት ትልልቆቹ መጠለያዎችም ሲሠሩ ለጊዜው ተብለው ነበር። ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚከርም አንተ በየቀኑ ቀና ብለህ ታየዋለህ። ሱፐር ግሉም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ለጊዜው ብለህ ያንጠባጠብከው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይደርቅና፣ በኋላ ደህናው ኮላ ሲመጣ የሚይዘው ቦታ ያጣል።

አሁን ጉዳቱን እንለየው። ፎቶው ላይ ሁለት ነገር ይታየኛል። ከታች፣ ጠርዙ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀለም ተፈንክታ ወጥታለች። ከላይ ደግሞ ከራሱ በስተኋላ፣ ክሮቹ ተደግፈውባት ወደ መቃኛዎቹ ከሚያልፉባት ነጭ ቁራጭ ሥር፣ ፀጉር የመሰለች መስመር አለች። የመጀመሪያው ያስቀይማል እንጂ አያሰጋም። ሁለተኛው ለዓይን አይሞላም፣ ግን ያሰጋል። አንተ እንደሰማሁት ሌሊቱን ሙሉ የተብከነከንከው በመጀመሪያው ነው።

የጠርዙን ተወው። የዛሬ የፋብሪካ ጊታር የሚቀባው ወፍራምና ደረቅ የፕላስቲክ ዘር የሆነ ቀለም ነው፤ ድንጋይ ወለል ሲያገኘው ይፈነከታል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ድምፁም አይለወጥም። የሚወጋ ጠርዝ ካለው በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገው፤ መልክ የሌለው የጥፍር ቀለም ከእናትህ ለምነህ ቀባ ብታደርግበት ላብና አቧራ አይገባበትም። ከዚያ በላይ አትነካካው። አሜሪካ ውስጥ ፌንደር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ጊታር ይሠራና ሆን ብሎ ጭሮ፣ ፈቅፍቆ፣ አሮጌ አስመስሎ በውድ ይሸጣል። እኔ ለጭረት ገንዘብ የምከፍል ሰው አይደለሁም፤ ፈላጊ እንዳለው ግን እወቅ። ደግሞስ ቤተ ጊዮርጊስ ስትደርስ እንግዳው አጥብቆ የሚጠይቅህ ስለምንድነው? የሰማዕቱ ፈረስ ኮቴ ያረፈበት ነው ስለሚባለው ጉድጓድ አይደለም? የጊታር ነገር ካነሣንም፣ ሮሃ ባንድ ስሙን የወሰደው ከከተማህ ከጥንቱ ስም ነው፤ የባንዱ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ከዚያ በፊት አይቤክስ ባንድ ውስጥ ነበረ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ጋር ያስቀረጸውን «እሬ መላ መላ» ስንት ጊዜ እንደሰማኸው አውቃለሁ። የጊታሩ ጠርዝ ተጭሮ ይሆን ብለህ አስበህ ታውቃለህ?

ወደ መስመሯ ልመለስ። እሷን ለመመርመር የስልክህን መብራት ይዞ የሚቆምልህ ሰው ያስፈልግሃል። እኅትህን ጥራት። አዎ፣ የአምፑ ገመድ አደናቅፏት ጊታሩን የጣለችውን ራሷን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቷ ቤት እንደምታድር እናትህ ነግራኛለች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ገመዱን በሩ ላይ ያጋደምከው አንተ ነህ፤ ጊታሩን ከግድግዳ ያስደገፍከውም አንተው። እናትህ «ዓይን ነው፤ በገና ሰሞን ሰው ፊት ሲጫወት በልተውበት ነው» ትላለች። ዓይኑን ለእሷ እንተውላትና እኔ የሚታየኝ ገመዱ ነው። ልጅቷን ስትጠራት ታዲያ «ይቅር ብዬሻለሁ» እንዳትላት። እንዲያ ከተባለች በደለኛነቷን ተቀብላ ልታድግ ነው። «ነይ፣ መብራት ያዢልኝ» በላት፤ የምትፈልገው እሱን ነው። እጇ ቢንቀጠቀጥ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።

መብራቱን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ አንገቱን አስታካ ታብራ። ፊት ለፊት የበራ ብርሃን ስንጥቅ ይሸፍናል፤ ከጎን የመጣ ግን ጥላ ያወጣበታል። መስመሯ በአንድ ጎን ብቻ ናት ወይስ በጀርባ ዞራ በሌላው ጎን ትወጣለች? ጥፍርህን አሻግረህ ሳብ፤ ይይዝሃል? ከዚያ በግራ እጅህ አንገቱን ያዝና በቀኝ አውራ ጣትህ ራሱን በጣም በቀስታ፣ ገፋ እንኳ የማይባል ያህል፣ ክሮቹ ወደሚስቡበት ወደ ፊት ጫን አድርገው። መስመሯ አፏን ከከፈተች እንጨቱ ተሰንጥቋል፤ እዚያው ተው፣ አትድገመው። ጥላ ካላወጣች፣ ጥፍር ካልያዘች፣ ካልተንቀሳቀሰችም የቀለም ናት ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ክሮቹን ቀስ በቀስ መልሰህ ቃኛቸውና ፎቶ አንሥተህ አሳድራት። ጠዋት ላይ ፎቶውንና መስመሯን አስተያይ፤ ቅኝቱም ከዋለበት ወርዶ እንደሆነ ስማ።

እንጨት ቢሆንም ጉድ አትበል። እንዳንተ ያለው የሌስ ፖል ዓይነት ጊታር ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ በዚያ ላይ እዚያው ቦታ ውስጡ ለብረት ዘንጉ ተፍቆ ስለሚሳሳ፣ በጀርባው ሲወድቅ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ጊታር ጠጋኝ ሁሉ የለመደው ስብራት ነው። የተሰነጠቀው እንጨት ቃጫው በእጅ ካልተነካካ፣ ካልተፋቀ፣ በእንጨት ኮላ ተጣብቆ በሞርሳ ታስሮ ቀን ከሌሊት ከዋለ፣ መጋጠሚያው ከደህናው እንጨት አይተናነስም። ላሊበላ መስቀል የሚቀርጹ፣ ወይራና ዋንዛ የሚጠርቡ እጀ ብልሆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ለዚህ ግን አትስጣቸው። ኮላውን ያውቁታል፤ አንገቱ ሲታሰር ፀጉር ታህል ጠመም ካለ ክሩ ሁሉ እንደሚንጫጫ ግን ጊታር ይዞ ያላደረ ሰው አያውቀውም።

አምፑ ላይ ስትሰካው ይንኮሻኮሻል ያልከው ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ሲወድቅ ገመዱ ተሰክቶ ስለነበር ጃኩ ተመቶ ይሆናል። የጃኩን ሽፋን በካቻቢቴ ፍታና እይ፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ታገኛለህ፣ አንዱ ተነቅሎ ወይም ላልቶ ይሆናል። ይህን ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛህ በሊድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይበይድልሃል። ፒክአፑን ግን እንዳይከፍት አደራ፤ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ከተበጠሰ የሚቀጥለው የለም።

ደግሞ ሁሉንም በልጅቷ ላይ አታላክክ። የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን ይወጋኛል ያልከው ከውድቀቱ ጋር አይገናኝም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የበጋው አየር ደረቅ ነው፤ ጊታሩ እርጥበት ካለበት አገር ተሠርቶ መጥቶ እንጨቱ ሲኮማተር ብረቱ በጎን ይወጣል። አዝማሪው በክረምት የመሰንቆውን ቆዳ እሳት ዳር የሚያሞቀው ለምን ይመስልሃል? መሣሪያ ከአየሩ ጋር ይላወሳል። ያንተን ግን ከምድጃም፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም አርቀው፤ ስትጨርስ ሳጥኑ ውስጥ መልሰው፤ ገመዱን ንቀል።

መስመሯ ከተንቀሳቀሰች ደሴ ይዘኸው ና፤ የምተማመንበት ሰው አለ። ክሮቹ እንደላሉ ይሁኑ። ከአንገቱ ሥር ፎጣ ጠቅልለህ ደግፈው፣ ራሱ የሳጥኑን ግድግዳ እንዳይነካ። ጋሸናም ሆነ ወልድያ መኪና ስትቀይር ረዳቱ «ላይ እንጫነው» ይልሃል፤ እንዳትሰማው። ትምህርት ተዘግቶ ከሆነ እኅትህንም ይዘሃት ና። ሒሳብ የምትከፍለው ለሁለት ሰው ነው፤ እሷን ጭንህ ላይ አድርጋት፣ ጊታሩን ወንበሩ ላይ።