የሰርቪስ ቤቱ ተከራይ

አንድ የመዳብ ጠባቂ ነበር። ቴሌ ገና ኮርፖሬሽን ሳለ፣ የቤት ስልክም የኑሮ ደረጃ ማሳያ በነበረበት ዘመን፣ የዚህ ሰው ሥራ በአዲስ አበባ ዳርቻ በስልክ እንጨትና በጉድጓድ የሚያልፈውን ኬብል ሌሊት እየዞረ መጠበቅ ነበር። የዚያን ጊዜ የስልክ ሌባ መጋዝና መሰላል ይዞ ነው የሚመጣው። ኬብሉን ይቆርጣል፣ ጎትቶ ወንዝ ዳር ያወርደዋል፣ ላስቲኩን በእሳት ያነድና መዳቡን በኪሎ ይሸጣል። በማግስቱ ሰፈሩ ሙሉ ስልኩን አንስቶ «ሃሎ» ቢል ድምፅ የለም። ሰውዬው ሌባ የሚይዘው ታዲያ በአፍንጫው ነበር። የሚቃጠል ላስቲክ ሽታ ነፋስ ሲያመጣለት ዱላውን አንስቶ ሽታውን ይከተላል፤ እሳቱን ከበው ሲቆሰቁሱ ይደርስባቸዋል። ጡረታ ሲወጣ የተሰጠው የምስክር ወረቀት መስታወት ገብቶለት ሳሎን ተሰቅሏል።

ጡረታው እንደማንኛውም ጡረታ አልበቃ አለ። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ለደላላ ነገረ፤ ደላላውም በሳምንቱ አንድ ትሑት ወጣት ይዞለት መጣ። ወጣቱ ስለ ውኃ አልጠየቀም፣ ስለ ሽንት ቤት አልጠየቀም። የኢንተርኔት መስመር ማስገባት እንደሚቻልና ቆጣሪው ለብቻ መሆኑን ብቻ ጠየቀ። ከሰፈሩ ዋጋ እጥፍ አድርጎ የስድስት ወር በቅድሚያ ከፈለ። አልጋ አላስገባም። ያስገባው ጠረጴዛ፣ ቬንትሌተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ትልቅ ባትሪና የጫማ ካርቶን የምታህል አንዲት ጥቁር ሣጥን ነበር። ሣጥኗ ከላይዋ ጣት ጣት የሚያህሉ አንቴናዎች በረድፍ ተሰክተውባታል።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው ልጄ?» አለው።

«የኢንተርኔት ሥራ ነው ጋሼ።»

ሚስቱ ማታ ራት ሲበሉ፣ «አልጋ የሌለው ተከራይ ምን ዓይነት ተከራይ ነው?» አለችው። «መጋዝ የለው፣ መሰላል የለው» አላት። «ሌባ እኔ አጥቼው ነው?»

ሣጥኗ ሲም ቦክስ የሚሏት ናት። ከውጭ አገር የሚደወል ስልክ በደንቡ በዓለም አቀፉ መግቢያ በኩል አልፎ ነው ወደ አገር የሚገባው፤ የውጭው ኩባንያም ጥሪውን እዚህ ላደረሰለት ቴሌ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ሲም ቦክስ ይህን በር ትዘላለች። ጥሪው ከሪያድ ወይም ከቤይሩት በኢንተርኔት ተጭኖ ሣጥኗ ድረስ ይመጣል፤ እሷም ከታቀፈቻቸው ሲሞች በአንዱ መልሳ ትደውለዋለች። ቴሌ የሚያየው ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር የተደወለ ተራ የአገር ውስጥ ጥሪ ነው፤ የሚያገኘውም የአገር ውስጥ ሒሳብ። የቀረው በመሐል ላሉት ይሆናል። የተቆረጠ ሽቦ የለም፣ «ሃሎ» ብሎ ድምፅ ያጣም የለም። የሚሸት ነገርም የለም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ተከራዩ በትሕትና መጣ። «ጋሼ፣ ሲሞቹ ቶሎ ቶሎ እየሞቱብኝ ተቸገርኩ። በእኔ መታወቂያ ከዚህ በላይ አልሰጥህም አሉኝ። የሰፈር ልጆች በየመታወቂያቸው ቢያወጡልኝ ለእያንዳንዱ ሲም 200 ብር እሰጣለሁ።» ሰውዬውም የሰፈሩን ሥራ አጥ ወጣቶች ጠርቶ ላካቸው። ምን ችግር አለ፣ የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ። እሱ ራሱም ሦስት አወጣ።

እዚህ ላይ ሞኝ ነበር ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሞኝ አልነበረም። ዕድሜውን ቴሌ ውስጥ የኖረ ሰው «ሲም ለምን ይሞታል?» ብሎ አንድ የቀድሞ ባልደረባውን ቢጠይቅ መልሱ ቀላል ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲደውል እየዋለ አንድም ጥሪ የማይደርሰው፣ ከአንድ አንቴና ሥር ዝንፍ የማይል ቁጥር የሰው ስልክ አይመስልም፤ ቴሌ እንዲህ ያለውን እየለቀመ ይዘጋል። አልጠየቀም። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ኪስ ሲገባ ጥያቄም አብሮ ይገባል።

የራሱን ስልክ ግን ሲጠብቅ ለጉድ ነው። ቁልፍ ስልክ ናት፤ ቢሆንም *#06# ብሎ የቀፎዋን 15 አሃዝ መለያ ቁጥር አውጥቶ፣ ብትሰረቅ ለፖሊስም ለቴሌም የሚያሳየው እንዲኖረው ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ጽፎታል። ለሲሟ መቆለፊያ ቁጥር አበጅቶላታል። ታክሲ ሲሳፈር በውስጥ ኪሱ ይከታትና እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ይሄዳል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሚስቱ ተጭበረበረች። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የዕቁቧን ገንዘብ በእሱ ነበር የምታንቀሳቅሰው። አንድ ድምፁ ያማረ ሰው ደውሎ፣ «እናቴ፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ ነው፤ አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ሚስጥር ቁጥሯን ጠየቃት፤ ነገረችው። የዕቁቡ ገንዘብ እዚያው እያወራች ሳለ ወጣ። ባሏ ጮኸ፣ ተቆጣ፣ ቀጥሎም ለቤቱ ሕግ አወጣ። በ09ም ሆነ በ07 የሚጀምር የማያውቁት ቁጥር አይነሳም። 966 ብሎ ከጀመረ ልጃችን ናት፣ ይነሳል።

እውነቱን ለመናገር ሕጉ መጥፎ አልነበረም። ለብዙ ቤት ይበጃል።

ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስልክ የሚፈቀድላት ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። በቀጥታ ስትደውል ደቂቃው ደመወዟን ሲበላባት ጊዜ፣ ጓደኞቿ ርካሽ ደቂቃ የሚሸጥ አፕ ጫኑላት። ወላጆቿ ኢሞ የሚከፍት ስልክ የላቸውም፤ በዚህኛው ግን ወደ ቁልፍ ስልክም ይደወላል።

ዓርብ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው 09 ነው። ዘጋው። ደግሞ ጮኸ፤ ሌላ 09። ዘጋው። በቀጣዩ ዓርብ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ልዩ ልዩ ቁጥር። «ሌቦቹ ዛሬ በርትተዋል» አላት ሚስቱን። አንዴ እንኳ ጠርጥሮ መልሶ ቢደውል፣ ሊያገኟቸው አልቻሉም የምትለዋ የቴሌ ሴት መለሰችለት። ሣጥን ውስጥ ያለ ሲም የሚደውልለትን አያነሳማ። «አየሽ፣ ጨዋ ቢሆን ኖሮ ያነሳ ነበር» አለ፣ በራሱ ብልኅነት እየተደሰተ። ሚስቱ ልጅቷ ዝም ማለቷ አሳስቧት ስዕለት ተሳለች።

ወር አልፎ የጎረቤት ልጅ ከሪያድ ተመለሰችና የተላከ ዕቃ ይዛ መጣች። ቡና ተፈላ። ልጅቷ ሲኒውን ይዛ ስታቅማማ ቆየችና፣ «ለምንድን ነው የምትዘጉባት?» አለች። «ሁለት ዓመት ኮንትራቷ አልቆ ነበር እኮ። ልምጣ ወይስ ልቆይ ብላ ልትጠይቃችሁ ዓርብ ዓርብ ስትደውል ይዘጋባታል። አልፈለጉኝም ማለት ነው ብላ ሌላ ሁለት ዓመት ፈረመች።»

«በ966 አንድም ስልክ አልመጣ!» አለ ሰውዬው።

«በዚያ አፕ ሲደወል የእዚህ አገር ቁጥር ሆኖ ነው የሚወጣው ጋሼ። ሁላችንም እናውቃለን።»

ሰውዬው ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ወረቀት የማይጥል ሰው ነው፤ የመብራት ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የተከራዩ መታወቂያ ቅጂ፣ ሁሉም በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ሲም የተነቀለባቸውን፣ ቁጥራቸው የታተመባቸውን ሦስት የላስቲክ ካርዶችም ከዚያ አወጣ። ሚስቱ ካርዶቹን ወደ መብራቱ አስጠግታ ያዘችለት፤ እሱ ስልኩ ላይ ያልተነሱትን ጥሪዎች እያወረደ አንድ በአንድ ጮኾ አነበበ። የሁለተኛው ዓርብ፣ ሦስተኛው ጥሪ ላይ ሲደርስ ሚስቱ፣ «በል እስቲ ድገመው» አለችው። ደገመው። በመሐል ጣቷ የመጨረሻውን አሃዝ ነካችለት። ልጁ የደወለችው በእሱ ስም በወጣ ሲም ነው።

ጓሮ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ሣጥኗ አረንጓዴ መብራቷን ታርገበግባለች። ለተከራዩ ደወለለት። ተከራዩ ዝርዝሩን እንኳ አልሰማም፤ «ጋሼ፣ ኪራዩ አነሰ?» አለው።

ሰውዬው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ፖሊስና የቴሌ ቴክኒሻኖች አብረው መጡ። ከቴክኒሻኖቹ አንዱ ወጣት ሲሞቹን እየነቀለ፣ «ከውጭ ወደ ራሳችን ስልክ የሙከራ ጥሪ እናስደውላለን፤ በአገር ውስጥ ቁጥር ከገባ ያንን እንዘጋለን። በማግስቱ ግን አዲስ ሲም ይተኩበታል» አለው። ማን እንደሚተካው ሰውዬው ያውቅ ነበርና አልመለሰም። ተከራዩ ስልኩን አጥፍቶ ጠፍቷል። መታወቂያው ሲጣራ ካርዱ ጠፍቶበት ለቀበሌ ያመለከተ የሌላ ሰው ሆነ። የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ቁጥር 761/2004 ለእንዲህ ያለው ሥራ ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ የቀሩት እውነተኛ ስሞች ግን የሰውዬውና የሰፈሩ ልጆች ስም ብቻ ነበሩ።

«ነገ ልጆቹን ይዘህ ትመጣለህ» አለው መርማሪው። «ለቃል።»

ያን ዕለት ማታ ከመጀመሪያው ቤት ጀመረ። እናትየው በሩን ከፍታ፣ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» አለችው። አልገባም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ስለ ሣጥኗም ስለ መርማሪውም ነገራት። ልጇ ጠዋት ቃሉን መስጠት አለበት፣ 200 ብሯንም ይዞ ይምጣ ብለዋል አላት።

«ብሩንስ እንመልሳለን» አለችው። «ልጄ ግን አንተ ስላልከው እኮ ነው የሄደው። ነገ ስትገቡ አስቀድመህ እሱን ንገርልኝ።»