ሰውን በሰው መተካት ይቻላልን?



ባለፈው ዐቢይ ጾም፥ በአርባ ምንጭ አካባቢ ከሚገኙ ቁምስናዎች በአንዱ፥ ከመዝሙር ጓዱ ወጣቶች ጋር ስለ ምሥጢረ ንስሐ ስንነጋገር ጊታር የሚጫወተው ልጅ እጁን አነሣና «አባ፥ በሰው ቦታ መቀመጥ ኃጢአት ነውን?» ሲል ጠየቀን። «በአግባቡ ከተጠራህ ኃጢአት አይደለም» ብለን መለስንለት፤ ውይይቱም ወደ ሌላ ርእስ አለፈ። ወጣቱ ግን መልሱ እንዳልበቃው ከፊቱ ይታወቅ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፥ ለእኛም አልበቃንም። ምክንያቱን ለመግለጽ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል።

በዚያ ቁምስና የመዝሙሩ ጓድ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ጊታር የተጫወተ ሌላ ወጣት ነበር። ጊታሩን የገዛው በሽመና ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። በጋሞኛ የምንዘምራቸውን መዝሙሮች አብዛኛዎቹን ከመሣሪያው ጋር ያስማማ እርሱ ሲሆን፥ ከቁርባን በኋላ በሚዘመረው መዝሙር መግቢያ ላይ የሚያሰማትን አጭር ዜማ ሕፃናት እንኳ በመንገድ ሲሄዱ ያንጎራጉሯት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን መጠጥ ያዘው። ልምምድ ያጓድል ጀመር፤ አንዳንድ እሑድም ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ ከሩቅ ይታወቅበት ነበር። በዚህ መካከል ለትምህርት ከጨንቻ የመጣ፥ እጁ የተፍታታ ሌላ ወጣት ተገኘ። በአንድ ሳምንት የቅዳሜው ልምምድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ጠዋት ተዛወረ፤ ለሁሉም ተነገረ፤ ለእርሱ ብቻ አልተነገረም። እሑድ ጊታሩን በትከሻው አንግቶ ሲመጣ በመቀመጫው ላይ ሌላ ሰው አገኘ። ጥቂት ቆሞ ተመለከተ፤ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ተንበረከከና ወንጌል ሳይነበብ ወጣ። እኛ ከመሠዊያው ሆነን አየነው፤ ቅዳሴውንም ቀጠልን። የልምምዱ ሰዓት ለምን እንደተዛወረ እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው መተካት ተገቢ ነውን የሚል ነው፤ ይህ ብዙ አያከራክርም። የእግዚአብሔር ሕዝብ ምስጋና በአንድ ሰው ድካም ምክንያት ሊቋረጥ አይገባውም። ሁለተኛው ግን፥ ስንተካ የምንተካው ምኑን ነው? ሥራውን ነው ወይስ ሰውየውን?

አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ብዙ ያስተምረናል። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥላ የወለደችውን ምትኩ፥ ተካ፥ ካሣ ወይም ማስረሻ ብላ ስትጠራ እንሰማለን። ሆኖም ምትኩን ስታጠባ ያ የፊተኛው ተመልሶ መጣልኝ ብላ የምታምን እናት አላየንም። ለሟቹ በሙት ዓመቱ ታለቅሳለች፤ ምትኩም በገዛ ጥርሱ፥ በገዛ ሣቁ ያድጋል። ማስረሻ የተባለውም ቢሆን በእውነት አስረስቶ አያውቅም። የሔዋን ታሪክም ይኸው ነው። ሴት ብላ የሰየመችውን ልጅዋን በአቤል ፈንታ የተሰጣት ዘር መሆኑን ተናግራለች (ዘፍ. 4፥25)። የትውልዱ ሐረግ በሴት በኩል ቀጠለ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አቤልን አልደመሰሰውም፤ ለዕብራውያን በተጻፈው መልእክት እንኳ ስሙ ይነሣል (ዕብ. 11፥4)።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፍ ዋጋ ያለውን ነገር ክብር ካለው ይለያል። ዋጋ ያለው በአቻው ይለወጣል፤ ክብር ያለው አቻ የለውም። የጊታር ክር ቢበጠስ በሌላ ክር ይለወጣል፤ በአርባ ምንጭ ገበያ ባይገኝ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ክሩን የሚነካው ሰው ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። ስለሆነም ተተኪና ምትክ የሚሉትን ሁለት ቃላት ለያይተን ብናያቸው መልካም ይመስለናል። ተተኪ ሥራውን ይረከባል። ምትክ ከተባለ ግን ሄዶ የቀረውን ሰው ራሱን እንዲሆን ይጠበቅበታል፤ ይህንንም ማንም ፍጡር ሊፈጽመው አይችልም።

የጨንቻው ወጣት ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ምእመናኑ የፊተኛውን መግቢያ እንዲያሰማቸው ጠየቁት፤ በስልክ ከተቀዳ ድምፅ አጥንቶ ሲያሰማ «እጁ አይደለም» አሉት። የራሱን ሲሞክር ደግሞ «አዲስ ነገር አመጣብን» ተባለ። ጥያቄውን የጠየቀን በዚህ መካከል ሆኖ ነው።

በሙዚቃ ባንዶች ታሪክ እንዲህ ያለው ነገር ደጋግሞ ደርሷል። ካህን ስለ ሮክ ሙዚቃ ሲጽፍ አንባብያን በትዕግሥት እንዲያዩልን እንለምናለን፤ በዘርዓ ክህነት ሳለን መብራት ከጠፋ በኋላ ሬዲዮ የሚያዳምጡ ጓደኞች ነበሩን፤ ያወቅነውም ሁሉ ከመምህራን ብቻ የተገኘ አይደለም። ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1967 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ አብዛኞቹን ዘፈኖች የደረሰው ጊታር ተጫዋቹ ሲድ ባሬት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አእምሮው ታወከ፤ አደንዛዥ ዕፅም አባባሰው። በ1968 መጀመሪያ የወጣትነት ጓደኛው ዴቪድ ጊልሞር ገብቶ ለጥቂት ሳምንታት አምስት ሆነው ቆዩ። አንድ ቀን ወደ ዝግጅት ሲጓዙ በመኪናው ውስጥ ሲድን እንውሰደው ወይስ እንተወው የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ሳይወስዱት አለፉ። የተሰናበተው እንዲሁ ነበር፤ መኪናው በደጁ ሳይቆም በመቅረቱ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በሰኔ 1975፥ ስለ እርሱ መጥፋት የሚናገር ሥራ በለንደን ሲቀዱ ጸጉሩንና ቅንድቡን የተላጨ ወፍራም ሰው ወደ ስቱዲዮው ገባ። መጀመሪያ ማንም አላወቀውም። ሲድ መሆኑ ሲታወቅ ያለቀሱ ነበሩ።

ይህን ታሪክ ስናስብ የልምምዱ ሰዓት ትዝ ይለናል። በእኛ ዘንድ የተደረገውም መኪናውን አለማቆም ነበር።

ነገር ግን ስለ ጊልሞር አንድ ነገር ሳንጨምር ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በባሬት ወንበር የተቀመጠው ይህ ሰው፥ በ1970 ባሬት ለብቻው ሁለት አልበሞች ሲያወጣ በሁለቱም ሥራ ረድቶታል። ተተኪው ለተተካው መቅጃ ክፍል ውስጥ አብሮ ተቀምጦ ዘፈኑን እንዲጨርስ ደገፈው ማለት ነው። በሰው ቦታ መቀመጥ ሰውየውን ከልብ ማስወጣት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ሮሊንግ ስቶንስ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። ባንዱን በ1962 ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ብራያን ጆንስ በ1969 መሥራት ባቃተው ጊዜ ሦስት ጓደኞቹ፥ ሚክ ጃገር፥ ኪት ሪቻርድስና ቻርሊ ዋትስ፥ በሰኔ ወር ወደ ቤቱ ሄደው ነገሩን ፊት ለፊት ነገሩት። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ሐምሌ 3 ቀን፥ በመዋኛ ገንዳው ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 27 ነበር። በሁለተኛው ቀን በለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ታላቅ ዝግጅት ላይ የ20 ዓመቱ ሚክ ቴይለር በተተኪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝብ ፊት ቆመ። እውነትን ፊት ለፊት መናገር ሰውየውን አላዳነውም። ስለዚህ «ብንነግረው ኖሮ መልካም ይሆን ነበር» ብለን ራሳችንን ማጽናናት አይቻለንም። ሆኖም የሚነገረው ውጤቱ መልካም ስለሚሆን ብቻ አይደለም። ሰው ስለ ራሱ የተወሰነውን ከባዶ ወንበር ሳይሆን ከሰው አፍ መስማት ይገባዋል።

በሀገራችንም የሙዚቃ ጓዶች ተለያይተዋል፤ የመለያየቱ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነበር። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተው ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ፤ ከፊሎቹ ተመለሱ። የቀሩት ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድተዋል። ማንም ማንንም ያሰናበተ የለም፤ የለያያቸው ዘመኑ ነው። በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች ሊድ ጊታር የተጫወቱት ሰላም ሥዩምም በኋላ ኑሯቸውን በአሜሪካ አደረጉ። በ1980ዎቹ በሮሃ አጃቢነት የወጡትን ካሴቶች የሚያስታውስ አንባቢ፥ የተጫዋቹን ስም ባያውቅ እንኳ የጊታሩን ድምፅ ይለየዋል። ያን አጨዋወት ዛሬ የሚያጠኑ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ዜማው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ እጁ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ከዋናው ጋር አንድ ሆኖ እንዲሰማ የሚደክም ወጣት ቢሳካለት እንኳ የሚያተርፈው «ቁርጥ እርሱን» መባልን ነው፤ ይህም ለጀማሪ ምስጋና፥ ለሰነበተ ሰው ግን እስራት ነው።

ሐዋርያትም ይህን ጉዳይ ተጋፍጠውታል። ይሁዳ ከጠፋ በኋላ ጴጥሮስ በመቶ ሃያ ያህል ወንድሞች መካከል ተነሥቶ በመጀመሪያ የሆነውን ሁሉ በግልጽ ተናገረ፤ የይሁዳን ስም አልሸሸገም፤ ከእነርሱ ጋር ተቈጥሮ እንደነበረም መሰከረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ቀርበው ዕጣው ለማትያስ ወጣ (ሐዋ. 1፥15-26)። ከዚህ ቀጥሎ ማትያስ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ በስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም፤ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ የዮሐንስ ወንድም ያዕቆብ በሄሮድስ ሰይፍ ሲገደል (ሐዋ. 12፥2) በፈንታው ሌላ ሰው ስለ መመረጡ የተጻፈ ነገር የለም። የይሁዳ ስፍራ ባዶ የሆነው ስለ ተወው ነው፤ ያዕቆብ ግን በሞትም ስፍራውን አልለቀቀም። ስፍራን የሚያስለቅቀው አለመኖር ሳይሆን መተው ነው ብለን ብናስተውል፥ የእኛ ወጣት ከየትኛው ወገን ነበር? መጠጥ አሰነካክሎታል፤ ጊታሩን አንግቶ የመጣው ግን ስፍራውን ስላልተወ ነው።

ስለ ምእመናኑም አንድ ቃል እንበል፤ «እጁ አይደለም» ያሉትን ቸኩለን አንኰንናቸውም። ኤልያስ ካረገ በኋላ የነቢያት ልጆች መጐናጸፊያው በኤልሳዕ እጅ መሆኑን እያዩ ኤልያስን እንፈልገው ብለው አስቸገሩ። ኤልሳዕ ከለከለ፤ እጅግ በዘበዘቡት ጊዜ ግን ፈቀደ። አምሳ ሰዎች ሦስት ቀን ፈልገው አጥተው ተመለሱ (2 ነገ. 2፥15-18)። ኤልሳዕ ፍለጋውን እንደ ስድብ አልቈጠረውም። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ በእናንተ ፊት የነበረውን መምህር ሕዝቡ ሲናፍቅ ብትሰሙ ሦስቱን ቀን ስጡት።

የጋሞ አባቶች ሥርዓት በዚህ ረገድ ከእኛ የመዝሙር ጓድ የተሻለ ነው። ዝርዝሩ ከደሬ ደሬ ቢለያይም፥ ሀላቃ የሚሆነው ሰው በሕዝብ ፊት ይሾማል፤ ዘመኑን ሲፈጽምም በሕዝብ ፊት ለሚቀጥለው ያስረክባል። ያስረከበ ሰው የተባረረ ሰው አይደለም፤ በዱቡሻው ከሽማግሎች ጋር ይቀመጣል፤ ቃሉም ይሰማል። በመስቀል በዓልም ከሽሮ ሜዳና ከየከተማው ሸማኔው ሁሉ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ሲመለስ፥ ዓመቱን ሙሉ ሥራውን ሌላ ሲሠራለት የቆየ ሰው እንኳ «ቦታህ ተይዟል» አይባልም። ዶርዜዎች በኅብረት ሲዘፍኑ ድምፁ ብዙ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይጠጋጋለታል። እነዚህን ወንድሞቻችንን እየሰማን አድገን የልምምድ ሰዓት በስውር ማዛወራችን ያሳፍራል።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት የጨንቻውን ወጣት ይዘን ወደ ፊተኛው ጊታር ተጫዋች ቤት ሄድን። የሚኖረው በሴቻ ነው፤ እናቱ ቡና አፈሉልን። ጊታሩ በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አንድ ክሩ ተበጥሷል። ስለ ልምምዱ ሰዓትና ስለዚያ እሑድ ይቅርታ ጠየቅነው። አልመለሰልንም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ወደ ወጣቱ ዞረና የቁርባኑን መዝሙር መግቢያ ከየትኛው ድምፅ እንደሚጀምረው ጠየቀው። «ከሬ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ከሶል ነበር» አለው፤ ቀጥሎም፥ «ለእነዚያ ሴቶች ድምፅ ግን ሬ ሳይሻል አይቀርም።»

ጊታሩን ከግድግዳው አላወረደውም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ስንወጣ የቅዳሜው ልምምድ ጠዋት በሦስት ሰዓት መሆኑን ነገርነው።