የማን መሥዋዕት?

በአውሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ዳር ካለ ቡና ቤት ተቀምጬ፣ ካስፓሮቭና ቶፓሎቭ እ.ኤ.አ. በ1999 ሆላንድ ውስጥ የተጋጠሙበትን ቼዝ ለአንድ ወጣት አስረዳሁ። ካስፓሮቭ በ24ኛው እርምጃ ግንቡን ሠዋ። ቶፓሎቭ ባይበላው ይሻለው ነበር፤ በላው፤ ጥቁሩ ንጉሥ እስከ ነጩ ደጃፍ ተነድቶ በ44ኛው እርምጃ ጨዋታው አበቃ።

«መሥዋዕት ያልከፈለ አያጠቃም ማለት ነው» አለ ልጁ።

ቃሉ ከነከነኝ። ካስፓሮቭ ግንቡን አላማከረም፤ እንጨት ነውና አያስወቅሰውም። እኔ ግን በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሁለት ልጆች ወረቀት እንዲበትኑ ልኬ አልተመለሱም። መሥዋዕት ከፈልን ስንል ኖርን። ከፋዮቹ እነሱ ነበሩ፤ ቃሉን የወረስን እኛ። ፈቅደው አልነበረምን? እላለሁ አንዳንዴ። አዎን፣ ፈቅደዋል፤ ስለ አደጋው የማውቀውን ሁሉ ግን አልነገርኳቸውም።

ወጣቱ ጠጠሮቹን መልሶ ደረደረና ነጩን ሰጠኝ።