ፈረሱ ብቻውን ተመለሰ

ባለፈው ክረምት ሰቆጣ የገባሁት እናቴን ልጠይቅ ነበር፤ መብራት ሠራተኛ ሆኜ ከረምኩ። የልጅነት ጓደኞቼ በሰንበት ትምህርት ቤታቸው አንድ መንፈሳዊ ድራማ ሊያሳዩ እየተለማመዱ ነበር። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ መብራቱን ያዝልን» አሉኝ። ሥራዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ኮድ መጻፍ ነው። አገር ቤት ግን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሬዲዮም ይጠግናል፣ አምፖልም ይሰቅላል፤ እምቢ ማለት አይቻልም። አራት አምፖልና አንድ የተከራየ ጄኔሬተር ሰጡኝ።

ድራማው የይዋሴፍ ታሪክ ነው። የህንድ ንጉሥ ልጅ ይወለድለታል። ኮከብ ቆጣሪ፣ ልጁ የአባቱን መንገድ እንደሚተው ይናገራል። ንጉሡም ልጁ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በተድላ ቤት ይዘጋበታል። ልጁ አንድ ቀን ይወጣል፤ በሽተኛ ያያል፣ ዓይነ ስውር ያያል፣ የጎበጠ ሽማግሌ ያያል። በራላም የሚባል መነኩሴ ነጋዴ መስሎ ይገባና ያስተምረዋል። በመጨረሻ ይዋሴፍ ዘውዱን ለሌላ ሰው ትቶ በረሃ ይገባል።

ልምምዱ መጨረሻው ትዕይንት ላይ ደረሰ። ይዋሴፍን የሚጫወተው ልጅ ዘውዱን አወለቀ፣ ወይባውን ለበሰ፣ በቀኝ በኩል ወጣ። መዝሙር ተጀመረ። አዘጋጁ ወደኔ ዞሮ «አሁን አጥፋው» አለኝ።

መድረኩ ላይ ግን ገና ሰው ነበር። መኳንንቱ አሉ፣ አሽከሮቹ አሉ፣ የውኃ ማሰሮ የያዘች አንዲት ልጅ አለች።

«እነሱስ?» አልኩት።

«እሱ ወጣ እኮ! ታሪኩ አልቋል።»

እጄ ማጥፊያው ላይ ቀረ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ለምን እንዳላጠፋሁት ለራሴም ለማስረዳት ነው።

ታሪኩ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። «በራላም ወይዋሴፍ» የሚባለውን መጽሐፍ በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው እጨጌ እንባቆም ነው። እንባቆም ራሱ ከየመን የመጣ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባ፣ ኋላም በደብረ ሊባኖስ ወንበር የተቀመጠ ሰው ነበር። እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ታሪኩ ብዙ አገር ዞሯል፤ በዐረብኛ፣ በጆርጂያኛ፣ በግሪክኛ ተጽፏል። ከሁሉ በፊት ግን የሲዳርታ ጎታማ፣ የቡድሃ ታሪክ ነበር።

ስሙ እንዴት እንደተለወጠ ለኔ ቢጤ ኮድ ጸሐፊ የሚጣፍጥ ነገር ነው። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የህንድ ማዕረግ በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት «በ» እና «የ» በቃል መጀመሪያ ሲመጡ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከሥር ያለው ነጥብ ነው። አንድ ከሆነ «በ»፣ ሁለት ከሆነ «የ»። ነጥቧ ተሳሳተችና «ቡዳሳፍ» «ዩዳሳፍ» ተባለ። ከዚያ ግሪኮቹ «ዮአሳፍ» አሉት፣ እኛ «ይዋሴፍ» አልነው። አንድ ነጥብ አንድን ሲስተም ሌሊቱን ሙሉ ስታቆም አይቻለሁ። ይህችኛዋ ግን ቡድሃን ማንም ሳያውቅ ወደ ክርስቲያን ቅዱሳን መካከል አስገባችው። የስፔኑ ጸሐፌ ተውኔት ሎፔ ዴ ቬጋ በ1611 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ታሪክ ተውኔት አድርጎ ሲጽፈው የቡድሃን ሕይወት መድረክ ላይ እያወጣ ነው ብሎ አላሰበም።

ነጥቧ አታሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መንገድ ላይ የወደቀው ሰው ነው።

በቡድሃ ታሪክ ውስጥ ሚስት አለች፤ ያሾዳራ ትባላለች። ልጅ አለ፤ ራሁል ይባላል፣ ገና ጨቅላ ነው። ሲዳርታ በ29 ዓመቱ፣ ሁለቱም ተኝተው ሳለ፣ በሌሊት ፈረሱን አስጭኖ ወጣ። ይህ ታሪክ እንባቆም እጅ ሲደርስ ሚስቲቱም ልጁም የሉም። ይዋሴፍ ያላገባ ድንግል ነው፤ ሴት ብትመጣም ልትፈትነው የተላከች ናት። ስለዚህ ሲወጣ ከበስተኋላው የሚያለቅስ ሕፃን የለም። መውጫው ቀና ሆነለት። «አጥፋው» ማለት የቀለለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ካልተናገርኩ አንባቢን እንዳታለልኩ ይቆጠርብኛል። አባቴ የመነነው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አሁንም አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ወይባ ለብሶ፣ መቋሚያውን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ። እናቴ ውኃ ሰጠችው። መስቀሉን ተሳለምን። ከዚያ ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ «ጸሎቱ ይጠብቃችኋል» ይለን ነበር። ደርሶልን ይሆናል። ጌሾውን የወቀጠችው፣ ጠላ ሸጣ ያስተማረችኝ ግን እናቴ ናት።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፦ ሰው እውነትን ፍለጋ ቤቱን ጥሎ ቢወጣ፣ ያገኘው እውነት የተዋቸውን ሰዎች ዕዳ ይሰርዝለታል?

«ይሰርዛል» የሚለው መልስ ጠንካራ ነው፣ ላሳንሰው አልፈልግም። ሲዳርታ ቤቱ ቢቀር ኖሮ አንድ ቤት ይደሰት ነበር። ስለወጣ ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው መንገድ አገኘ። ሁሉም ለቤቱ ብቻ ቢያስብ ገዳም አይኖርም፣ እንባቆምም አይኖርም፣ መጽሐፉም አይኖርም። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። ችግሩ፣ ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው አይደሉም። ያሾዳራ ስለ ሚሊዮኖቹ ማንም አልጠየቃትም። የሌላን ሰው ገንዘብ ለድሃ የሰጠ ሰው ድሃውን ጠቅሟል፤ ባለገንዘቡን ግን አልከፈለውም።

ያገሬ ትውፊት ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ዋግ ዙፋን መልቀቅን ከመጽሐፍ አልተማረም። ታሪክ ጸሐፊዎች ዛጉዌዎች ዙፋኑን በ1270 እ.ኤ.አ. በውጊያ እንዳጡት ይጽፋሉ። ትውፊቱ ግን በስምምነት ነው የለቀቁት ይላል፤ ዋግም ለዘራቸው ቀረ፤ ዋግሹሞቹም ከዚያ ዘር ነን ይሉ ነበር። የትኛውም እውነት ይሁን፣ ትውፊቱን የፈጠረው ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ተመልከቱ። ዙፋን በክብር የሚለቀቀው ለሚቀሩት ሰዎች አንድ ነገር ተቆርጦላቸው ሲሆን ነው።

የቡድሃንም ነገር የቀደሙት ሰዎች እንዲህ አቅልለው አላለፉትም። አሽቫጎሻ የሚባል የጥንት ህንዳዊ ባለቅኔ የቡድሃን ሕይወት በረጅም ግጥም ጽፏል። ሲዳርታ ከወጣ በኋላ ታሪኩን ከሱ ጋር ወደ ጫካ ብቻ አልወሰደውም፤ አንድ ሙሉ ክፍል ለቤተ መንግሥቱ ልቅሶ ሰጠ። ፈረሱ ካንታካ ጌታውን ሳይዝ ይመለሳል፤ ያሾዳራ ፈረሱንም ባልደራሱንም ትወቅሳለች። አሽቫጎሻ ተውኔትም ይጽፍ ነበር፤ ከተውኔቶቹ የተረፉ ቁርጥራጮች መካከለኛው እስያ ተገኝተው በ1911 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። መድረክ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ይመስለኛል ቤቱን ያልረሳው። በወረቀት ላይ «ሄደ» ብሎ መጻፍና ከሄደው ጋር መሄድ ይቻላል። መድረክ ላይ ግን የሄደው ይሰወራል፤ የሚታየው የቀረው ነው።

ሳንቺ የሚባለው የህንድ ጥንታዊ ቦታ በር ላይ የተቀረጸው ምስልም እንዲሁ ነው። ቡድሃ ራሱ አይታይም፤ ጃንጥላ የተያዘለት፣ ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ ከከተማው ሲወጣ ይታያል። ወዲያ ጫፍ የእግር ዱካ ብቻ ተቀርጿል። ከዚያ ፈረሱ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የኋላው ታሪክ ነው። ቡድሃ ከዓመታት በኋላ አገሩ ሲመለስ፣ ያሾዳራ ልጇን «ሂድ፣ ርስትህን ጠይቀው» ብላ ላከችው። ቡድሃም ራሁልን አመነኮሰው። አያትየው፣ ንጉሡ፣ ይህን ሲሰማ አዘነ። ሄዶም «አንተ ስትወጣ ታመምኩ፣ አሁን ደግሞ ልጁ፤ ከእንግዲህ ወላጅ ሳይፈቅድ ልጅ አይመንኩስ» የሚል ልመና አቀረበ። ቡድሃ ተቀበለ፤ ለመነኮሳቱ ሕግ ሆነ። የነቃ የሚባለው ሰው፣ ከተተወ አባት ቅሬታ ሰምቶ ሕጉን አስተካከለ። በቡድሃ ሕይወት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት አላውቅም።

ይህን ሁሉ ይዤ ድራማውን የሚያርሙት መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩ ከቡድሃ እንደመጣ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እንባቆም ከየመን መጣ፤ ታሪኩ ከህንድ ቢመጣ ምን ይገርማል?» አሉኝ።

«የኔታ፣ እንግዲያው ሚስቲቱን እንመልሳት።»

«እሱ አይሆንም። መጽሐፉ ላይ የሌለ ሰው አትጨምርብኝ።» ትንሽ ዝም ብለው «ሕዝቡን ግን ጥለኸዋል» አሉ። «ይዋሴፍ ሲወጣ ሕዝቡ እያለቀሰ ተከትሎታል። መጽሐፉ ላይ አለ። የት አደረሳችሁት?»

ደንግጬ ቀረሁ። ስለጠፋችው ሚስት ስከራከር የነበርኩ ሰው፣ መጽሐፉ ራሱ ያስቀረልንን ልቅሶ ሳላነብ አልፌ ነበር።

በዝግጅቱ ምሽት ይዋሴፍ ወይባውን ለብሶ ወጣ። መዝሙሩ ተጀመረ። መብራቱን አላጠፋሁትም። ባዶው ወንበር ላይ፣ መሬት ላይ በተቀመጡት አሽከሮች ላይ፣ ማሰሮዋን አውርዳ ልቅሶ በጀመረችው ልጅ ላይ አቆየሁት። አንድ ደቂቃ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ ከዚያ ጭብጨባው እየሳሳ ቆመ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ክንዴን ይዛ ነበር። «ያ መብራት የቆየው አውቀህ ነው?» አለችኝ።

«አውቄ ነው፣ እማ።»

«አባትህ የሄደ ለት ኩራዙ እንደበራ አደረ» አለች። «ጋዙ ሲያልቅ ነው የጠፋው።» ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አሁን 29 ዓመቴ ነው። እኔም ወጥቻለሁ፤ ለምናኔ ሳይሆን ለደመወዝ። በየወሩ ብር እልካለሁ፤ በጦርነቱ ጊዜ ስልክ የተቋረጠ ሰሞን ግን የምልከውም የምሰማውም ነገር አልነበረኝም። መውጣት ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። አባቴንም ተመለስ አልለውም። ሆኖም ዕዳ የለብኝም ብሎ የወጣና ዕዳ አለብኝ እያለ የወጣ ሰው፣ ሁለቱም ወይባ ቢለብሱ፣ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው አንድ ቀን እንደዚያ ንጉሥ ያለ ሰው ቅሬታ ይዞ ሲመጣበት በር ይከፍታል።