የሰንበት መንገድ በባዕድ ከተማ

ዕረፍት ከሥራ መታቀብ ብቻ ነው ወይስ የራሱ ይዘት ያለው ነገር ነው የሚለው ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንትና ፈላስፎች ለረጅም ዘመን ሲመላለሱበት የኖሩት ሲሆን፣ ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ሳምንት በመጣ ቁጥር መልስ የሚሻ የኑሮ ጉዳይ ነው። የሚጠይቀው ዘመድ፣ የሚሰበሰብበት ማኅበር፣ የሚደርሰው ለቅሶ የሌለው ቤተሰብ የዕረፍት ቀኑን በምን ያሳልፈዋል? ብዙዎች ልጆቻቸውን ይዘው ከተማውን ለማየት ይወጣሉ። ይህ ሽርሽር ሰንበትን የሚሽር ነው ወይስ ራሱ ከሰንበት ወገን የሚቆጠር የሚለው እዚህ የሚመረመረው ጉዳይ ነው። ለምርመራው የተመረጠው በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ፣ በዱባይ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ነው፤ በዚያች ከተማ አብዛኛው ነዋሪ የውጭ ዜጋ ከመሆኑም በላይ፣ የዕረፍት ቀን ራሱ በመንግሥት ውሳኔ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ሲዛወር ታይቶባታልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን መመርመር ይገባል። በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ግስ ብዙ ሥራ የሚሠራ ግስ ነው፤ ድካሙን ያቆመ ሰው ዐረፈ ይባላል፣ እንግዳ ሲመጣ «የት ዐረፈ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ያርፋል፣ ከዚህ ዓለም ድካም የተለየውም ሰው ዐረፈ ይባላል። ቋንቋው የሥራን ማቆምና የእንግዳን ማደሪያ ማግኘት በአንድ ቃል ማሰሩ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም፤ ዕረፍት ጊዜን ብቻ ሳይሆን ቦታንም እንደሚፈልግ ያስረዳልና። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ለሥራ ወደ ባዕድ አገር የሄደ ቤተሰብ አውሮፕላኑ ካረፈ ከዓመታት በኋላም እርሱ ራሱ ገና ያላረፈ ሊሆን ይችላል። ቤት ተከራይቶ፣ ኢቃማውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ካስገባም በኋላ ከተማዋን የሚያውቃት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት በሚያመላልሰው መንገድ ብቻ ከሆነ፣ አድራሻ አለው እንጂ ማረፊያ የለውም።

የዕረፍት ቀን ሊዛወር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በዱባይ የሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ድረስ በኤምሬትስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉት ዓርብና ቅዳሜ ስለነበር፣ በአገሪቱ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ጸሎታቸውን በዓርብ ማድረግን ለምደው ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2022 መግቢያ ጀምሮ ግን አገሪቱ ከዓለም ገበያ ጋር እኩል እንድትራመድ በሚል ምክንያት የዕረፍቱ ቀናት ቅዳሜና እሑድ ሆኑ፣ ዓርብም እስከ ቀትር ብቻ የሚሠራበት ቀን ሆነ። ከዱባይ ጋር ድንበር የምትጋራው ሻርጃ በበኩሏ ዓርብን ጨምራ ሦስት ቀን ማረፍን መረጠች። ስለዚህ ቤቱ በሻርጃ፣ ሥራው በዱባይ የሆነ አባት ዓርብ ማለዳ ልጆቹን በእንቅልፍ ላይ ትቶ ይወጣል፤ በአንድ ቤት ውስጥ የዕረፍት ቀን ለአንዱ ገብቶ ለሌላው ገና አልገባም ማለት ነው። ሕግ የሚያዛውረው ሥራ የማይሠራበትን ቀን ነው፤ ሰንበትን ግን፣ ማለትም እግዚአብሔር የቀደሰውን ቀን፣ የሚያዛውር ሕግ የለም፤ ምእመኑ በዓርብ ቢያስቀድስ እንኳ እሑድ እሑድ መሆኑን ያውቃል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ልዩ ምስክርነት ይሰጣል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት፣ ማለትም ቅዳሜ፣ ከሰንበተ ክርስቲያን፣ ማለትም ከእሑድ ጋር እንድትከበር በማስተማራቸው ከእስክንድርያ መንበር ትምህርት ጋር ተጋጭተው አገራቸውን ለቀው ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ ቆጵሮስ ተሻግረው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ብዙ ከተንገላቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1404 ዐፄ ዳዊት ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፣ በ1450 ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተካሄደው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሁለቱን ሰንበታት መከበር አጸናው። ስለ ሰንበት ብለው የተሰደዱት አባት ያረፉት በባዕድ ምድር መሆኑ፣ በስደት ላለ ምእመን ልብን የሚነካ ነገር ነው። ከዚህም በላይ፣ የአንዲት እስላማዊ አገር መንግሥት ስለ ንግድ ብሎ በ2022 ነጻ ያደረጋቸው ቅዳሜና እሑድ እርሳቸው የተሰደዱላቸው እነዚያው ሁለት ቀናት ናቸው። ባለ ሥልጣናቱ ይህን አላሰቡትም፤ ለኢትዮጵያዊው ቤተሰብ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ከ2022 በፊት በእጁ ያልነበሩ ስጦታ ናቸው።

ስጦታው ግን ምን ሊደረግበት ነው? በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረውና ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ በሰንበት የሚከለከሉትን ሲዘረዝር መንገድ መሄድን፣ በእንስሳ ጀርባ ላይ መቀመጥንና በመርከብ ባሕር ላይ መጓዝን ጭምር ያነሣል። የአይሁድ ሊቃውንትም በሰንበት ከመኖሪያ ሊራቅ የሚቻለውን በሁለት ሺህ ክንድ፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ወስነውት ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ በመጀመሪያው ምዕራፉ ደብረ ዘይት ከኢየሩሳሌም የሰንበት መንገድ ያህል እንደሚርቅ ሲናገር የሚያመለክተው ይህንኑ ልክ ነው። በእነዚህ ልኮች የዱባይ ሽርሽር በሙሉ ከሰንበት ውጪ ይሆናል። ሆኖም በወንጌል ከተጻፉት የሰንበት ክርክሮች አንዱ የተነሣው በመንገድ ላይ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ደቀ መዛሙርት ከመምህራቸው ጋር በእህል እርሻ መካከል ሲያልፉ እሸት ቀጠፉ፣ ተከሰሱም፣ መምህራቸውም ሰንበት ለሰው እንደተሠራ እንጂ ሰው ለሰንበት እንዳልተሠራ አስረዳ። ከሳሾቹ የተናገሩት ስለ መቅጠፉ እንጂ ስለ መሄዱ አይደለም። በአስተናጋጇ አገር እምነት ደግሞ ዓርብ ከአይሁድ ሰንበት የተለየ ነው፤ ቁርኣን በሱረቱል ጁሙዓ አማኞች የጸሎት ጥሪ ሲሰሙ ንግዳቸውን ትተው እንዲሰበሰቡ፣ ጸሎቱ ሲፈጸም ግን በምድር ላይ ተበትነው ከአላህ ችሮታ እንዲሹ ያዛል። መሰብሰብና መበተን የአንድ ቀን ሁለት ክፍሎች ናቸው የሚለው ይህ አስተያየት፣ ከቅዳሴ በኋላ ለሚወጣ ክርስቲያን ቤተሰብም የሚያስተምረው አለው።

ኩፋሌ ወደ ከለከለው ወደ ባሕሩ መመለስ ይገባል። ዱባይን ለሁለት የሚከፍላት ከባሕር ወደ ምድር የገባ የውሃ ሰርጥ ሲሆን፣ ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ ሰው የሚያሻግሩት አብራ የሚባሉ ዝቅ ያሉ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው። ዋጋው አንድ ድርሃም ነው። ተሳፋሪው በመካከሉ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣል፤ ነጂው በመካከል ቆሞ ሞተሩን ይቆጣጠራል፣ ሳንቲሙም ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይደርሰዋል። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚያች ጊዜ ግን የናፍጣው ሽታ፣ ከዴይራ የቅመም ገበያ የሚመጣው የሄልና የቀረፋ ጠረን፣ ወደ ውሃው ዝቅ ብለው የሚበሩት ወፎች ይፈራረቃሉ። እናት ፔርሙዙን በጉልበቷ መካከል ይዛ፣ ልጅ እጁን ወደ ውሃው እየሰደደ፣ አባት «ተው፣ ትወድቃለህ» እያለ ይሻገራሉ። ከጎናቸው የተቀመጠው የሕንድ ወይም የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ ማንም ማንንም ኢቃማ አይጠይቅም። እንግዳ ቤተሰብ ከተማን እንደ ራሱ የሚያይበት ቅጽበት ይህ ነው፤ ምንም ሳይገዛ፣ ምንም ሳያመርት፣ ከማንም ሳያንስ።

የዚህ ጽሑፍ ፍርድ እዚህ ላይ ያርፋል። የሰንበት ልክ በክንድ የሚቆጠር ርቀት ሳይሆን ከመቆጠር መውጣት ነው። በዚያች አገር የውጭ ዜጋ መኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ከሥራው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ የሰውየው ሰዓት ብቻ ሳይሆን መገኘቱም የሚለካው በሚሠራው ነው፤ ሥራው ሲያበቃ የመኖር ፈቃዱም አብሮ ያበቃል። እንዲህ ላለ ሰው ምንም የማያተርፍበት የእግር መንገድ የእምነት ቃል ነው፦ ከሚሠራው በላይ መሆኑን፣ ሳይሠራም መኖር የተገባው ፍጥረት መሆኑን መናገር ነው። አርስቶትል በኒቆማኮሳዊው ሥነ ምግባር መጨረሻ መጽሐፍ ሰው የሚደክመው ዕረፍት ለማግኘት ነው ሲል፣ ዕረፍትን ለነገ ሥራ ጉልበት ማከማቻ አድርጎ አልተመለከተውም፤ ሥራው ለዕረፍቱ ነው እንጂ ዕረፍቱ ለሥራው አይደለም። በዘመናችን ግን ሽርሽሩ ራሱ ሥራ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤተሰቡ ከአንዱ ሞል ወደ ሌላው ሞል በጥድፊያ ሲሄድ፣ 828 ሜትር ከፍታ ባለው ቡርጅ ኸሊፋ ሥር ቆሞ ፎቶ የሚነሣው ለማየት ሳይሆን አዲስ አበባ ላሉት ለመላክ ሲሆን፣ ልጆችም ፈገግ እንዲሉ ሦስቴ አራቴ ሲታዘዙ፣ ቀኑ ተመልሶ በሌላ መዝገብ መቆጠር ጀምሯል። አገር ቤት ላሉት ደስ እንዲላቸው መመኘት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ዕረፍቱ ማስረጃ ለማቅረብ የሚደክም ሰው አላረፈም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ገና አልተነሣም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 20 ስለ ሰንበት ሲያዝ የሚያርፉትን በስም በስማቸው ይቆጥራል፦ ወንድ ልጅንና ሴት ልጅን፣ ወንድና ሴት አገልጋይን፣ ከብትን፣ በደጅ ውስጥ ያለውን እንግዳም። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በምዕራፍ 5 ምክንያቱን ይጨምራል፤ እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደነበረ ያስብ ዘንድ ነው ይላል። ከዐሥሩ ትእዛዛት እንግዳን በስም የሚያነሣው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዱባይ ያለው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል፦ አንድ ጊዜ በሌላው ደጅ እንዳለ እንግዳ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ የቤት ሠራተኛ ቀጥሮ ከሆነ፣ እንደ አሠሪ። ጀልባ ነጂው በቅዳሜ መሥራቱ ከተሳፋሪው አቅም በላይ ነው ቢባል እንኳ፣ በቤት ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ጉዳይ ግን በአሠሪው እጅ ነው። ምሳ ቋጥራ የሸኘችው፣ ሲመለሱ እራት አቅርባ የምትጠብቃቸው፣ ብዙ ጊዜም የአገራቸው ልጅ የሆነች ወጣት ቤት ከቀረች፣ የቤተሰቡ ዕረፍት በእርሷ ድካም የተገዛ ነው። ይዘዋት ቢሄዱም ሕፃኑን ተሸክማ ከኋላ የምትከተል ከሆነ ቦታው ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። የአገሪቱ ሕግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2022 በተካው አዋጅ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እንድታርፍ ይደነግጋል፤ ኦሪቱ ግን ከዚህ አልፎ አብራ እንድታርፍ ይሻል፤ አገልጋዩ እንደ ጌታው ያርፍ ዘንድ ይላልና።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከማታ ስለሆነ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከውሃው ዳር የሚመለስ ቤተሰብ ሳያስበው ከአንዱ ሰንበት ወደ ሌላው ተሻግሯል። በዚያ ሰዓት በአብራው አግዳሚ ላይ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ በቦርሳዋ የያዘች፣ ቀኑን ተፈቅዶላት የወጣች፣ አንድ ድርሃሟን በመዳፏ ጨብጣ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ ልትገኝ ትችላለች፤ የተቀመጠችው ከአሠሪዋ ልጆች ጎን ሳይሆን ለብቻዋ፣ በራሷ ሰንበት ነው።