ሥዕሉ ድር፣ ቃሉ ማግ

የሸማኔ ልጅ ሙያውን የሚማረው ከአባቱ ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ ነው። ማጉን በቀሰም ይጠቀልላል፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ያያል፤ ጥለቱ ላይ ቀለሙ ለምን እንደተለወጠ ይጠይቃል። አንድ ቀን አባትየው ይነሣና ቦታውን ይለቅለታል። ጽሑፍን ግን ለልጆቻችን እንዲህ አናስተምርም። «ስለ ክረምት አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ» እንላለን፤ ጽፈው ሲያመጡ በቀይ እስክሪብቶ ፊደላቸውን እናርማለን። አንድ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ቀርቦ ያላየ ልጅ ከየት ያምጣው?

ወላጆችና መምህራን፣ ልጅ ከጎኑ ተቀምጦ የሚማርበት ሸማኔ በእጃችን አለ። እርሱም የሥዕል መጽሐፍ ነው። ብዙዎቻችን የሥዕል መጽሐፍን ልጅ ፊደል እስኪለይ ድረስ የሚጫወትበት ነገር አድርገን እናየዋለን፤ ማንበብ ሲጀምር «አሁንማ አድገሃል» ብለን እናስቀምጥበታለን። ትልቁ ስሕተታችን ይህ ነው። ልጁ ማንበብ በቻለበት ቀን መጽሐፉ ሁለተኛ ሥራውን፣ መጻፍ ማስተማሩን፣ ሊጀምር ነበር። መነሻውም መድረሻውም በአንድ ቁጭታ የሚታይ፣ ልጅ ገልጦ ገላልጦ እንዴት እንደተሠራ ሊደርስበት የሚችል ሙሉ ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ።

እንግሊዛዊቷ ፓት ሀቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችውን «የሮዚ የእግር ጉዞ» እንመልከት። በሙሉ መጽሐፉ ያሉት የታሪኩ ቃላት 32 ብቻ ናቸው። ቃላቱ የሚሉት አንዲት ዶሮ ግቢውን ዞራ ለእራት በሰዓቷ ተመለሰች ነው። ሥዕሉ ግን ከኋላዋ የሚያደባ ቀበሮ ያሳያል። ቀበሮው ሊይዛት በዘለለ ቁጥር አንድ ነገር ይደርስበታል፤ ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፣ ዱቄት ይደፋበታል፣ በመጨረሻም ንብ ያባርረዋል። ስለ እርሱ ግን አንዲት ቃል አልተጻፈችም። ይህን ያየ ልጅ፣ ጸሐፊ ሁሉን እንደማይናገርና አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት የሚተወው ነገር እንዳለ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የማክስና የአውሬዎቹ ታሪክ ሌላ ጥበብ ያሳያል። ማክስ የተባለው ልጅ ከቤቱ እየራቀ ወደ አውሬዎቹ አገር ሲገባ ሥዕሉ ከገጽ ወደ ገጽ እየሰፋ ይሄዳል። ከአውሬዎቹ ጋር የያዘው ጭፈራ ሲጦፍ ቃሉ ፈጽሞ ዝም ይላል። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ ሥዕሉ ይጠፋና ጥቂት ቃላት ብቻ ይቀራሉ፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ እራቱ ገና እንዳልቀዘቀዘ የሚነግሩን ቃላት። ታሪክ እንዴት እንደሚቋጭ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ለልጅ ማግኘት ይከብዳል።

እኛም ለዚህ ባዳ አይደለንም። የንግሥተ ሳባን ጉዞ በትናንሽ ክፍሎች ደርድረው በሸራ ላይ የሚስሉ ሠዓሊዎቻችን ታሪክን ትዕይንት በትዕይንት መቁረጥ ያውቁበታል። የማሞ ቂሎ ተረትም ትልቅ የጽሑፍ ትምህርት ነው። ማሞ የትናንቱን ምክር ለዛሬው ነገር ያውለዋል፤ ነገሩ ይደጋገማል፣ በተደጋገመ ቁጥር ግን ጥፋቱ ሌላ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይህን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል መጽሐፍ አቅርበውታል።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። በመጀመሪያው ቀን ለደስታ ብቻ እናንብብላቸው፤ ጥያቄ አናብዛ። በማግስቱ ቃሉን በወረቀት ሸፍነን ሥዕሉን እያዩ እነርሱ ይተርኩልን፤ ከዚያ ወረቀቱን አንሥተን ጸሐፊው ካለው ጋር እናስተያየው። በሦስተኛው ቀን እንደ ሸማኔው ልጅ ይጠይቁ። ታሪኩ ለምን ከዚህ ጀመረ? ገጹ ለምን እዚህ ላይ ተቆረጠ? ሳይነገረን የቀረውስ ምንድን ነው?

ቀጥሎ የራሳቸውን መጽሐፍ ይሥሩ። አራት ወረቀት ደራርበን እኩል ብናጥፍና መሐሉን በመርፌና በክር ብንሰፋው 16 ገጽ ይወጣዋል። ልጁ መጀመሪያ ይሣል፤ ሥዕሉ ድሩ ነው። ከዚያ ቃሉን እንደ ማግ ያስገባበት። በሥዕሉ የሚታየውን መልሶ አይጻፍ፤ ሥዕል የማይዘውን፣ ድምፁን፣ ሽታውን፣ በልብ የታሰበውን ይጻፍ። ውሻው ጥቁር መሆኑን ሥዕሉ ተናግሯል፤ ሌሊት ለምን እንደሚያላዝን የሚነግረን ግን ቃሉ ነው። የፊደል እርማት ከሁሉ በኋላ ይምጣ። እስከዚያው ካነበብነው ውስጥ ልባችንን የነካውን አንድ ቦታ ለይተን እንንገረው።

መጽሐፍ የሌለበት መንደር ብዙ ነው፤ ይህ ግን አያግደንም። አያት የተረቱትን ተረት ልጁ በስድስት ሥዕል ይከፋፍለው፤ የመጀመሪያው የሥዕል መጽሐፉ እርሱ ይሆናል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወላጆችም ከሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት የሥዕል መጽሐፍ ተዋሱና የባዕዱን ቋንቋ ሸፍናችሁ ልጁ በአማርኛ እንዲተርክላችሁ አድርጉ። የተረከውን በፊደላችን ጻፉለት፤ የገዛ ንግግሩ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ማየቱ ለቋንቋው ያለውን ፍቅር ያሳድግለታል።

አራት ወረቀት፣ አንድ እርሳስ፣ መርፌና ክር በየቤቱ አይጠፋም። ልጆቻችን ከእኛ የሚፈልጉት ትልቁ ነገር አብረናቸው የምንቀመጥበት ግማሽ ሰዓት ነው። እርሱን አንንፈጋቸው፤ ጊዜው ሲደርስም ከጉድጓዱ ተነሥተን ቦታውን እንልቀቅላቸው።